የዋንዛ ጠረጴዛ በራሴ እጅ ልሥራ ብዬ ያየሁት ፍዳ

ሳሎኔ ውስጥ ያለውን ጠረጴዛ ያየ እንግዳ ሁሉ "ስንት ገዛሽው?" ይለኛል። ራሴ ነኝ የሠራሁት ስለው ግማሹ አያምነኝም። ባለቤቴ ከጎን ሆኖ "የመጀመሪያውን ባያችሁት!" ይልና ይስቅብኛል። እውነቱን ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ጠረጴዛ ነበር። ዕድሜው ሁለት ወር አልሞላም። አሁን ግማሹ የጫማ መደርደሪያ ሆኗል፤ ግማሹ የት እንደገባ አልጠይቅም።

አናጢ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወርክሾፕ የለኝም፤ ያለኝ ጠባብ በረንዳና ታጋሽ ጎረቤት ነው። የጠረጴዛ አሠራር በሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ እኔን ሁለት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። ያን ቪዲዮ አይታችሁ እጃችሁን ያሳከካችሁ ካላችሁ፣ እንጨቱን ከመንካታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

እንጨቱ የመጣው ከአጋሮ ነው። አክስቴ እዚያ ትንሽ የቡና መሬት አላት። በቡናው መሀል ለጥላ የተተወ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበር፤ የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ ዋዴሳ ይለዋል። ልጅ ሆኜ ስሄድ ፍሬውን እየለቀምን እንበላ ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ግን እንደ ሙጫ ጣት ላይ ይጣበቃል። በ2013 ክረምት ያን ዛፍ ነፋስ ጣለው። አክስቴ ደውላ "ቡናዬን ሰባበረብኝ፣ ግንዱን ለማገዶ ልስጠው ነው" ስትለኝ ክው አልኩ። "እባክሽ እንዳታስነኪው!" ብዬ ለመንኳት።

ጥቅምት 2014 ላይ ሁለት ጎረምሶች ግንዱን ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አጋድመው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው በትልቅ መጋዝ ሰነጠቁልን። ሦስት ጣውላ ወጣው። ሁለቱ 5 ሴንቲሜትር ውፍረት፣ ከመሀል የወጣው ደግሞ 8 ሴንቲሜትር። ርዝመታቸው 1 ሜትር ከ10፣ ወርዳቸው ሃምሳ አምስት ገደማ። ጠርዛቸውን እንዳያቀኑት አስጠነቀቅኩ። ዛፉ ራሱ የጠመዘዘው ጠርዝ እንዳለ እንዲቀር ነበር የፈለግኩት፤ የዚህ ዓይነት ጠረጴዛ ውበቱ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የተሠራው እንጨቱ ገና አዲስ አበባ ሳይደርስ ነው። ወንድሜ ጣውላዎቹን አይሱዙ ላይ ጭኖ ያለ ወረቀት ሊመጣ ሞከረ። ኬላ ላይ አስቆሙት። "የራሳችን ዛፍ ነው፣ ነፋስ ነው የጣለው" ቢል ማን ይሰማዋል? ደግሞም ልክ ናቸው። ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ከልክሏል። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ጥበቃው ግን አልቀረም። ኬላ ላይ የቆመው ሰው ደግሞ ዛፉ ከጓሮ ይምጣ ከጫካ በዓይን አይቶ አይለይም። ወንድሜ ዕድለኛ ሆኖ እንጨቱ አልተወረሰበትም፤ ይዞት ተመለሰ። አጎቴ ቀበሌ ሄደው አስመሰከሩ፣ ከወረዳ የማዘዋወሪያ ፈቃድ ወጣ፣ ኅዳር ላይ ጣውላው ቤቴ ገባ። እናንተም ከገጠር ዘመድ ጋር እንጨት ካላችሁ መኪና ከመከራየታችሁ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ የምትገዙት ደግሞ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ። የገጠር ዘመድ ለሌለው ግራቪላ ጥሩ ነው። ሰው የሚተክለው ዛፍ ስለሆነ ጣጣው ያነሰ ነው፤ መልኩም ያምራል። ባህር ዛፍ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል፣ ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልምጣ።

ጣውላው ሲመጣ ስዳብሰው ቀዝቀዝ ይል ነበር። ጉንጬን ሳስነካው ብርድ ብርድ አለኝ። ያኔ ማወቅ ነበረብኝ፤ እርጥብ እንጨት እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ ግን ለጥምቀት እንግዳ አለብኝ ብዬ ቸኮልኩ። "የኅዳር ፀሐይ ምን ይሠራል?" አልኩና አንደኛውን ጣውላ በረንዳ ላይ አቁሜ ፀሐይ አስመታሁት። በርበሬ የማሰጣ ነው የመሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጫፍና ጫፉ ላይ ፀጉር የሚያክሉ ስንጥቆች ታዩ። በአራተኛው ሳምንት ጣውላው መሀሉ ጎድጉዶ እንደ ገበቴ ሆነ።

ምክንያቱን በኋላ ነው የተማርኩት። በእንጨት ውስጥ ያለው ውኃ በዋናነት የሚሄደው በርዝመቱ ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለም ከሥር ወደ ላይ ውኃ የሚስበው በዚያው መንገድ ነበር። ስለዚህ የተቆረጡት ሁለት ጫፎች ከመሀሉ በጣም ቀድመው ይደርቃሉ። ጫፉ ሲጨማደድ መሀሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይጨማደድም። ያኔ መሰንጠቅ ይመጣል። ፀሐይ ደግሞ አንዱን ፊት ብቻ ስለምታደርቅ ጣውላውን ወደራሷ ታጎብጠዋለች። መድኃኒቱ ቀላል ነበር። እንጨቱ በተሰነጠቀ ዕለት ሁለቱን ጫፎች ወፍራም ቀለም ወይም የቀለጠ ሰም መቀባት፣ ከዚያ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር ማስቀመጥ። በቃ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እኔ አልሠራሁትም።

የጎበጠውን ጣውላ ግራይንደር ተውሼ ፈገፈግኩት። ሕንፃው በሙሉ በአቧራ ተሸፈነ፤ አንደኛ ፎቅ ያሉት እናት ልብስ አስጥተው ነበርና እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ሽቅብ ወደ በረንዳዬ ይመለከታሉ። ከዚያ በአንድ በያጅ የቱቦላሬ ብረት እግር አሠራሁ። ቁመቱንም አልለካሁም፤ ከሶፋው መቀመጫ በላይ ወጥቶ ቁጭ ያለ ሰው ጉልበት የሚመታ ሆነ። ለሳሎን ጠረጴዛ ከ40 እስከ 45 ሴንቲሜትር ይበቃል፤ ከሶፋችሁ መቀመጫ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ነው የሚያምረው። ጣውላውን በስምንት ብሎን ከብረቱ ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። "ይኼን ዝሆን አይነቅለውም" ብዬ ነበር። በላዩ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ለጥምቀት ደረሰ። እንግዳው አደነቀ። ፎቶ ተነሳን።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣ ሳሎን ውስጥ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ ሌባ መስሎት የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ወጣ። እኔ መስታወት ተሰበረ አልኩ። መብራት ስናበራ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ጠረጴዛው ብቻ፣ ከአንዱ ብሎን ወደ ሌላው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁ ውስጥ ጣቴ ይገባ ነበር። ባለቤቴ "ምንም አይደል" አለኝ። እኔ ግን አለቀስኩ። ለእንጨት ማልቀስ ያሳፍራል፤ ግን አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮተቤ ወደሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤቴ ነች የጠቆመችኝ። የተሰበረውን ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ረጅም ጊዜ አዩት።

"መቼ ነው የተሰነጠቀው ግንዱ?"

"ጥቅምት፣ ጋሼ።"

"የዘንድሮ ጥቅምት?"

"አዎ።"

ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ ይኼ እንጨት ውኃው ገና አልወጣለትም። አንቺ እግር ብረት አስገባሽው።"

ሁለታችንም ሳቅን። ነገሩ ግን እንዳለ እሱ ነበር። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ የሚቀንሰው ከቁጥር አይገባም። በወርዱ ግን በደንብ ይሰበሰባል። የኔ ጣውላ ሲገዘገዝ 55 ሴንቲሜትር ነበር፤ በዚያች ሌሊት ብለካው 53 ተኩል ሆኗል። ብረቱ ግን አልተነቃነቀም። ስምንቱ ብሎኖች ጣውላውን ግራና ቀኝ ጠፍረው ሲይዙት መሄጃ አጣና በመሀሉ ፈነዳ። ደረቅ እንጨት ራሱ መንቀሳቀሱን አይተውም፤ ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ ይሰፋል፣ በጋ ላይ ይጠባል። የእንጨት ሠራተኛ ሁሉ ከዚህ ጋር ተስማምቶ ነው የሚኖረው። ይህን ብቻ ብትይዙልኝ የቀረውን ብትረሱት ቅር አይለኝም፦ እንጨቱ እንዲንቀሳቀስ ቦታ ስጡት።

"የቀሩትን ሁለት ጣውላዎች ምን ላድርጋቸው?" አልኳቸው። "አስተኝተሽ እርሺያቸው" አሉኝ። የእጅ ሒሳባቸው ለያንዳንዱ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። 5 ሴንቲሜትሩ ሁለት ዓመት ማለት ነው። ደነገጥኩ። ግን ሌላ ጠረጴዛ ሰንጥቄ ሌሊት ላለቅስ አልፈለግኩም።

የብሎካችንን ኮሚቴ አስፈቅጄ ጣውላዎቹን ኮሚናሉ (የነዋሪው የጋራ ቤት) ውስጥ አስቀመጥኳቸው። አቀማመጡ እንዲህ ነው። መሬት ላይ ብሎኬት፤ በብሎኬቱ ላይ እኩል የሆኑ የሞራሌ (ባለ አራት ማዕዘን እንጨት) ቁርጥራጮች፤ ከዚያ ጣውላ፤ በሁለቱ ጣውላዎች መሀል እንደገና የሞራሌ ቁርጥራጭ፣ ልክ በታችኞቹ ትክክል። ነፋስ ከላይም ከታችም እኩል እንዲያልፍ ነው። እንዳይጎብጥ በላዩ ድንጋይ ጫንኩበት። ጫፎቹን ከቤት ቀለም በተረፈኝ ቀለም ወፈር አድርጌ ቀባሁ። ቅርፊቱን አናጢው ራሳቸው በደነዘዘ መሮ ልጠው አነሱልኝ። ቅርፊት ሲያዩት ያምራል፤ ግን እንጨቱ ሲሰበሰብ ይለቃል፣ ከሥሩም ነፍሳት ይራባሉ። በተለይ ጠርዙ ላይ ያለው ነጣ ያለ ክፍል ለብል የተመቸ ነው። እንጨታችሁ ሥር ዱቄት የመሰለ ብናኝና መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካያችሁ ቤት አታስገቡት።

መድረቁን በምን ላውቅ? እርጥበት መለኪያ መሣሪያ አለ፤ እኔ ግን አልነበረኝም። ሚዛን ተጠቀምኩ። ከታክሲ መውረጃው አጠገብ የሰው ክብደት የሚመዝን አንድ ልጅ አለ። ወንድሜ መጀመሪያ ብቻውን ይወጣል፣ ከዚያ ጣውላውን አቅፎ ይወጣል፤ ልዩነቱ የጣውላው ነው። ልጁ መጀመሪያ ቀን እንደ እብድ አየን። "ለሁለት ሰው ነው የምትከፍሉት" አለ፤ ከፈልን። በየሁለት ወሩ እየተመላለስን ቁጥሩን ጣውላው ጫፍ ላይ በእርሳስ እጽፍ ነበር። መጋቢት 2014 ላይ 23 ኪሎ። ግንቦት 21 ተኩል። ክረምቱን ምንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ግማሽ ኪሎ ጨመረና ተናደድኩ። በጋ ሲገባ እንደገና መውረድ ጀመረ። ጥር 2016 ላይ 16 ኪሎ ደረሰና እዚያው ቆመ። ሚዛኑ ሲቆም እንጨቱ ከአየሩ ጋር ታርቋል ማለት ነው። ይህ ዘዴ ለማንም ይሠራል፤ ሚዛኑ አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ደስ ይል ነበር። አናጢው ጋ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በእሳቸው መሣሪያ፣ በእሳቸው ቁጣ ሥር ሠራሁ። መሣሪያ ስጪኝ ሲሉኝ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ)፣ ሞርሳ (እንጨት ነክሶ የሚይዝ)፣ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ)። ስኳድራውን ሦስት ጊዜ ካቻቢቴ ብዬ አቀብያቸዋለሁ።

ጣውላው በጥላ ደርቆም ቢሆን ትንሽ ተጠማዝዞ ነበር። ለወርዱ የሚበቃ ማሽን ስለሌላቸው በእጅ መላጊያ ነው ያስተካከልነው። መጀመሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች፣ አንዱን በዚህ ጫፍ አንዱን በዚያ ጫፍ አጋድመን ጎንበስ ብለን በዓይን አየን። ዘንጎቹ እኩል ካልሆኑ የቱ ጥግ ከፍ እንዳለ ወዲያው ይታያል። መላጊያው መጀመሪያ በወርዱ ይሄዳል፣ ቀጥሎ በሰያፍ፣ መጨረሻ ላይ በርዝመቱ። እኔ በርዝመቱ ልጀምር ስል እጄን ያዙኝ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ትከሻዬ ለሳምንት አልተነሳም። ግን የዋንዛው ውስጥ ሲወጣ፣ ያ ማር የመሰለ ወርቃማ ቡና ዓይነት ቀለም ብቅ ሲል፣ ድካሙ ሁሉ ጠፋ።

አንድ ጫፍ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ስንጥቅ ቀርቶ ነበር። እኔ ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚጠነክር ሙጫ) ላፈስበት ፈለግኩ። መርካቶ ሄጄ ገዛሁ፤ ሁለቱን ፈሳሽ በግምት ቀላቀልኩና መጀመሪያ በወደቀ ቁራጭ ላይ ሞከርኩት። ተመስገን ነው በቁራጩ ላይ መሞከሬ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደ ማስቲካ ሲያጣብቅ ቆየ። ኢፖክሲ የምትጠቀሙ ከሆነ ልኩን ጣሳው ላይ እንደተጻፈው በትክክል ስፈሩ፣ ቀስ ብላችሁ ብዙ አማስሉ፣ በአንድ ጊዜ ወፍራም አታፍስሱ፤ ሲወፍር ራሱን በራሱ ያግላል፣ አረፋም ይይዛል። እርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ጨርሶ አታስቡት።

ጋሼ የመረጡት ሌላ ነው። ከወይራ እንጨት ወገቡ የቀጠነ፣ ሁለት ጫፉ የሰፋ ቁራጭ ቀረጹ፤ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። በስንጥቁ ላይ አግድም አስቀምጠው በስለት አሰመሩ፣ በዚያው ልክ በመሮ ቆፈሩ፣ በኮላ አስገብተው በመዶሻ መቱት። ስንጥቁ ከዚያ ወዲያ አይሰፋም፤ ወይራው ነክሶ ይይዘዋል። ሁለተኛውን ቢራቢሮ እኔ ሠራሁ። ትንሽ ተንጋዷል። ካላወቀ ሰው አይለየውም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የብርጭቆ ወረቀቱ ነገር አሰልቺ ስለሆነ አላረዝመውም። በ60 ቁጥር ጀምሩ፣ 80፣ 120፣ 180፣ 220። አንዱንም አትዝለሉ። የዘለላችሁት ጭረት ዘይት ሲነካው እንደ ጠባሳ ይወጣል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ የእንጨት ብናኝ ሳንባ አይወድም።

እግሩን በተመለከተ ያንኑ ቱቦላሬ ተጠቀምኩ፤ 43 ሴንቲሜትር እንዲሆን ግን አስቆረጥኩት። በያጁን የብሎኑን ቀዳዳ ክብ ሳይሆን ሞላላ እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። 8 ሚሊሜትር በ20፣ ርዝመቱ ወደ ጣውላው ወርድ የዞረ። መሀል ያሉት ሁለቱ ብቻ ክብ ሆነው ቀሩ። በየብሎኑ ሰፊ ሮንዴላ (መሀሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) አስገባሁና ጠበቅ አድርጌ ሳበቃ ትንሽ መልሼ አላላሁ። ጣውላው አሁን ሲሰፋም ሲጠብም ብሎኖቹ አብረውት ይንሸራተታሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሌሊት የሰማነው ድምፅ የለም።

አሁን የምነግራችሁን ግን በደንብ ስሙኝ። ይኼኛው ከጠረጴዛ መሰንጠቅ ጋር አይወዳደርም።

ቫርኒሽ ስላስጠላኝ በተልባ ዘይት ልቀባው ወሰንኩ። ተጨምቆ የወጣ ንጹሕ የተልባ ዘይት ገዛሁ። በጨርቅ በስሱ መቀባት፣ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ መጠበቅ፣ ያልጠጣውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጎ ማንሳት ነው። ጥሬ የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋልና በአንዱና በሚቀጥለው መሀል ሳምንት ጠበቅኩ። ወፍራም ከቀባችሁት ለዘላለም ያጣብቃል። ይህ ሁሉ ደህና ሄደ። የጠረግኩባቸውን ጨርቆች ግን ጭብጥ አድርጌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና በረንዳ ላይ ጥዬ ተኛሁ።

ማታ አራት ሰዓት ላይ የሚያር ነገር ሸተተኝ። ምጣድ ረስተን መስሎኝ ኩሽና ሮጥኩ። ምንም የለም። በረንዳውን ስከፍት ፌስታሉ ቀልጦ ተጨማዷል፤ ከውስጡ ጭስ ይወጣል። ጨርቁ መሀሉ ጠቁሮ ነበር። አጠገቡ የልጄ የታጠበ ልብስና የፕላስቲክ ጀሪካን ነበር። ባልዲ ውኃ ደፋሁበት። ክብሪት የጫረ፣ ሲጋራ ያጨሰ ማንም የለም። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ጋር ይዋሃዳል፤ ሲዋሃድ ሙቀት ያወጣል። የተዘረጋ ጨርቅ ላይ ሙቀቱ ይበተናል። የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ግን መውጫ ያጣና እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄዶ በራሱ ይነድዳል። አናጢው ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። "ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛው" አሉ።

ስለዚህ ዘይት የነካውን ጨርቅ ወዲያው ከቤት ውጪ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት። ፌስታል ውስጥ፣ ቆሻሻ ውስጥ፣ አልጋ ሥር አይሆንም። ልጅ ያላችሁ ሰዎች፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ብታሠሩትም እንኳ ጨርቁን የት እንዳደረገው ጠይቁ።

ዘይቱ ከደረቀ በኋላ ሰም ቀባሁት። ሰሙን ያገኘሁት ሰፈራችን ካለ ጠጅ ቤት ነው፤ ሰፈፉን በነጻ ሰጡኝ። ውኃ በፈላበት ድስት ላይ ሌላ ጣሳ አስቀምጬ አቀለጥኩትና በአሮጌ ነጠላ አጣራሁት። ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት ለውሼ ለስላሳ ቅባት ሆነ። ቤቱ በሙሉ ማር ማር ሸተተ። ዋንዛ አበባው ለንብ የታወቀ ነው፤ ማን ያውቃል፣ ከዚያው አገር የመጣ ሰም ይሆናል ብዬ ራሴን አስደሰትኩ።

ሰም አንድ ችግር አለው። በ60ዎቹ ዲግሪ ይቀልጣል፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ጀበናውን በባዶው አስቀምጬ ክብ ምልክት ጣለብኝ። በጨርቅ ፈትጌ፣ ዳግም ሰም ቀብቼ አጠፋሁት። ቫርኒሽ ቢሆን ኖሮ ሙሉውን መፋቅ ነበረብኝ፤ የዘይትና የሰም ጥቅሙ ይኼ ነው፣ የተጎዳችውን ቦታ ብቻ ነው የምታክሙት። አሁን ማቶት ከጠረጴዛው አይለይም።

ለ2016 ፋሲካ አክስቴ ከአጋሮ መጣች። የዛፏን ጠረጴዛ ላሳያት ጓጉቼ ነበር። ዞር ዞር ብላ አየችው፣ ጠርዙን ዳበሰችው። ከዚያ ቄጠማው ላይ በርጩማ ስባ ረከቦቱን መሬት ላይ ዘረጋች። "ቡናውን እዚህ ላይ አቅርቢው እንጂ!" ብላት "ይኼማ ለስኒ ከፍ አለ፤ ዳቦውን አስቀምጪበት" አለችኝ። ዳቦው ተቀመጠ። ሁለት ዓመት ተኩል የለፋሁበት ጠረጴዛ የድፎ ዳቦ ማስቀመጫ ሆኖ ዋለ።

ሦስተኛው ጣውላ፣ ያ 8 ሴንቲሜትሩ፣ አሁንም ኮሚናሉ ውስጥ ነው። የግንዱ እምብርት ያለበት ስለሆነ መሀሉ ላይ ተሰንጥቋል፤ አናጢው ለሁለት ከፍለን አግዳሚ ወንበር እናወጣዋለን ይላሉ። ወንድሜ ለራሱ ቤት ፈልጎታል፤ በየሳምንቱ ይጠይቀኛል። ባለፈው እሑድ እያቃሰተ አቅፎት ሚዛን ላይ ወጣ። ባለ ሚዛኑ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፣ የሁለት ሰው ሒሳቡን ግን አልተወም። ቁጥሩን ጎንበስ ብሎ አነበበልን። ካለፈው ጊዜ ግማሽ ኪሎ ቀንሷል።

ገና ነው።